ምራቂ የሌለው ሒሳብ

ልጄ በሒሳብ ወደቀች ተብዬ ወደ ትምህርት ቤት የተጠራሁት ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው።

የምንኖረው ቢቸና ነው። እኔ የተወለድኩት ሞጣ ሲሆን በትዳር ወደዚህ መጣሁ። አባቷ ግንበኛ ስለሆነ ሥራ ወዳገኘበት ይሄዳል፣ ለበዓል ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችን ነን። እኔ ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። አተሩንና ሽምብራውን እለቅማለሁ፣ እቆላለሁ፣ ቅመሙን ለክቼ ወፍጮ ቤት እወስዳለሁ። ተመስገን፣ ከእጃችን ወደ አፋችን የሚደርስ አላጣንም።

በአካባቢያችን ትምህርት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ልጄ ከጎኔ አልተለየችም። አምስተኛ ክፍል እንደጀመረች ነበር ትምህርት ቤቱ የተዘጋው። ያነበበችው እንዳይጠፋባት ብዬ እየለቀምኩ ጥያቄ እጠይቃት ነበር። መጽሐፉን ደጋግማ ስለጨረሰችው ጥያቄውን የማወጣው ከቤታችን ነው።

«ለሁለት ጣሳ ሽምብራ አንድ ጣሳ አተር እናስገባለን። ሽምብራው አሥር ጣሳ ቢሆንስ?»

«አምስት።»

«አምስት ጣሳ ሽሮ የምትገዛ ሴት መጣች። ከጆንያው ስንት ይጎድላል?»

«አምስት ጣሳ ከእፍኝ።»

«እፍኟ ምንድን ናት?»

«ምራቂ ናታ፣ እማ!»

ትክክል ነበረች። ከሰፈሩላት በኋላ በላዩ አንድ እፍኝ ጣል ያላደረጉላት ገዢ አኩርፋ ነው የምትሄደው፤ ሁለተኛም አትመለስም። በእኛ ገበያ ምራቂ ሳይቆጥር የሚነግድ ሰው የጆንያውን መጨረሻ አያውቀውም። እንዲሁም ወተት ስንገዛ ረቡዕንና ዓርብን እንቀንሳለን። አጫጅ ስንቀጥር መሐል የሚገባውን በዓል እናያለን። ልጄ እነዚህን ሁሉ ሳልነግራት ታስገባቸው ነበር። እኔም ጎበዝ እላት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከጥምቀት በኋላ ሲከፈት ልጆቹ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። ያለፈ በዕድሜው ሰባተኛ ክፍል ይገባል፣ ያላለፈ ካቆመበት ከአምስተኛ ይቀጥላል። የልጄ ጓደኞች አለፉ። እሷ ቀረች።

የሒሳብ መምህሯ ወጣት ነው። ወንበር ሰጥቶኝ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

«ልጅዎ ቁጥር ትችላለች» አለኝ። «ማባዛቷም ማካፈሏም እንከን የለበትም። የጎዳት ይሄኛው ክፍል ነው። ወርድ ፕሮብሌም እንለዋለን፤ በታሪክ መልክ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እስቲ አንዱን ላንብብልዎት።»

አነበበልኝ። አንድ ቤተሰብ በቀን ሁለት ሊትር ወተት ይጠቀማል። የአንዱ ሊትር ዋጋ ስልሳ ብር ነው። ቤተሰቡ በአራት ሳምንት ውስጥ ለወተት ስንት ብር ያወጣል?

እሱ ቀና ሳይል እኔ በልቤ ሠራሁት። ሁለት ሺህ አራት መቶ።

«ልጅዎ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብላለች» አለኝ።

«ታዲያ?»

«መልሱ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ነው።»

 

«ረቡዕና ዓርብስ?» አልኩት።

መምህሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሳቁ እየመጣበት ነበር፤ ግን ከእኔ ጋር እንጂ በእኔ ላይ መሳቅ እንዳልፈለገ አየሁ። ስለዚህ አልተቀየምኩትም። «ጥያቄው ስለ ጾም ምንም አላለም፣ እናቴ» አለኝ።

«ወተት ሲባል እኮ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

ሁለተኛውን አነበበ። አንዲት ነጋዴ አርባ ስምንት ጣሳ ምስር አላት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አራት አራት ጣሳ ብትሸጥ ለስንት ደንበኛ ይበቃል? ልጄ «ለአሥራ አንድ፤ አሥራ ሁለተኛው ይጎድልበታል» ብላ ጽፋለች። ይህን እንኳ ሳይነግረኝ ገባኝ። ምራቂው በልቶት ነው።

ሦስተኛው የአጨዳ ጥያቄ ነበር። ስድስት ሠራተኞች አንድን ማሳ በአሥር ቀን ካጨዱ፣ አሥራ ሁለት ሠራተኞች በስንት ቀን ያጭዱታል? ልጄ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «ወሩ በገባ በአሥር ቢጀምሩ ሚካኤል መሐል ስለሚገባ ስድስት ቀን። እሑድ ካለበት ሰባት።»

«አምስት ብትል በቂ ነበር» አለ መምህሩ። «ይቺን ስትሠራ እጇን አውጥታ ወሩ ስንት ቀን ላይ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር። ፈተና ላይ አይጠየቅም ብዬ አስቀመጥኳት። ወረቀቷን ሳርም ነው የገባኝ።»

«መልሷን መቀበል አይቻልም?»

«እኔ ብቻ ብሆን እቀበላት ነበር። ግን ነገ በዚህ አስተሳሰብ የክልል ፈተና ብትቀመጥ፣ የሚያርማት እኔ አይደለሁም። የማያውቃት ሰው ነው የሚያርማት።» ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። «ከፋሲካ በኋላ ላልተሳካላቸው ሁለተኛ ፈተና እንሰጣለን። እስከዚያ ያስጠኗት።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። የሚያስጠናት ማነው? የተሳሳተችውን ሁሉ ተሳስቼ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ አተሩን ሰፌድ ላይ አድርጋ ትለቅም ነበር። ወረቀቱን እጄ ላይ አየችው፣ ወደ ፊቴ ግን ቀና አላለችም።

«አምስተኛ ክፍል አልገባም፣ እማ።»

«ማን ግቢ አለሽ?»

«ካላለፍኩ እዚያ ነው የሚያስቀምጡኝ። ትናንት አይቼዋለሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አይገባም። ልጆቹ አዲሷ መምህርት ናት ብለው ተነሡልኝ።»

ልስቅ ነበር። ዓይኗን ሳየው ተውኩት።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሞጣ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ ላኪልኝ ትልሽ የለ።»

እውነቷን ነው። ታላቅ እህቴ ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ልጅ አልወለደችም። ልጄን በተወለደች በዓመቷ ጀምራ ስጪኝ ስትለኝ ኖራለች። አብልታ፣ አልብሳ፣ ሥራ አስተምራ፣ በመጨረሻም ቤቱን ልታወርሳት ነው ሐሳቧ። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። እትዬ ግን ክፉ አይደለችም። ልጄም እዚያ አትራብም፣ አትገፋም። የምታጣው ትምህርቷን ብቻ ነው። ያንን አንዴ ካጣችው ደግሞ የሚመልስላት እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ሞጣ ላይ ሰባተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው ያቆምኩት።

«እስከ ፋሲካ ጠብቂ» አልኳት። «ፈተናውን ውሰጂ። ያኔ ካላለፍሽ እኔ ራሴ ወስጄ አደርስሻለሁ።»

«ማይልኝ።»

አልማልኩላትም፤ በመሐላ አላምንም። ግን ቃሌን ሰጠኋት። ከሰጠሁ በኋላ ልቤ ፈራ።

ማጥናት ጀመርን። መምህሩ ጥያቄዎች ጽፎ ይልክልናል፣ እሷ ትሠራለች። የቁጥር ብቻ ከሆነ አንድም አትስትም። ሰው የገባበት ጥያቄ ሲመጣ ግን ትቆማለች። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ካለበት ጾሙን ትቀንሳለች። ሻጭ ካለበት ምራቂውን ትጨምራለች።

«ጾሙን ተይው ብሎሽ የለም መምህሩ?»

«እሺ፣ ተውኩት። ግን እነዚህ ሰዎች በዓርብ ወተት ጠጡ ብዬ ልጻፍ?»

«ሙስሊም ቢሆኑስ?»

«እነሱም የራሳቸው ጾም አላቸው። ወሩን አልነገረንማ።»

 የምትለው ውሸት የለበትም። እኔም በልቤ ቅር ይለኝ ነበር፤ በገዛ አንደበቴ ልጄን ጾሙን እርሽው እያልኩ እንዳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን ከነወተቱ ነገርኳቸው።

አባ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጺማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«የወረቀት ወተት ጾም አያስገድፍም፣ ልጄ» አሉኝ። «ትቁጠረው። ሳትጠጣው ትቁጠረው።»

«እሷ ግን ውሸት ይሆንብኛል ትላለች፣ አባ።»

«ተመስገን በያ! ውሸት የሚከብዳት ልጅ ሰጥቶሽ ታማርሪያለሽ?»

አፈርኩ። መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ። እኔ አረፍኩ፤ ልጄ ግን አላረፈችም። ሳትጠጪው ቁጠሪው ብሎ መንገር ቀላል ነው። ለምን እንደምትቆጥረው ካልገባት ብዕሯ እሺ አይላትም።

ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ሳምንት እትዬ ከሞጣ ደወለች። ድምጿ ከፍ ያለ ነው፤ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የማናግራት።

«ሥራ አግኝቻለሁ! ከየወረዳው የመጡ ሠልጣኞች ናቸው፣ ስልሳ ሰው። አንድ ቀን የጾም ምሳ አብዪን አሉኝ። ሽሮው ያንቺ ነው። አንድ ኪሎ ለአሥራ አምስት ሰው ይበቃኛል። ስንት እንደሚሆን ከልጄ ጋር አስቡና ይዛችሁልኝ ኑ። እሷንም አምጪያት፣ የሚያግዘኝ የለም።»

እትዬ «ልጄ» ነው የምትላት፤ «ልጅሽ» ማለት አታውቅም።

ልጄ ሰምታ ነበር። ጥቂት አሰበችና «አምስት ኪሎ» አለችኝ። መዘንኩ፣ ፌስታሉን በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩ፣ በማግስቱ ጉዞ ጀመርን። ግንደወይን ላይ መኪና ቀየርን። ልጄ በመስኮት ስታይ ቆየች። ሞጣ ስንቃረብ ግን ፊቷ ፈካ። እኔ ያን ፊት ባየሁ ቁጥር የሰጠኋትን ቃል አስታውሳለሁ።

እትዬ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እኔን ጉንጬን አንድ ጊዜ ስማ ወደ ልጄ ዞረች።

«ነይ አንቺ ቀጮ! እናትሽ የምታበላሽ ሽሮውን ነው ወይስ ሽታውን?»

«ጾም እኮ ነው፣ አክስቴ።»

«ጾምማ እኔም እጾማለሁ፤ እይኝ እስቲ፣ ምኔ ቀነሰ?» ብላ ወገቧን ይዛ ዞረችላት። ልጄ ሳቀች። ከፈተናው ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በነጋታው እትዬ ትልቁን ብረት ድስት ጣደች። እኔ ምስሩን፣ ልጄ ሰላጣውን ያዝን። ሠልጣኞቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ። ጨምሩልን አሉ፣ ጨመርንላቸው። አንዳንዶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ነበሩ፤ እነሱም በሰዓታቸው መጥተው በሉ። አመስግነው ወጡ። እትዬ የድስቱን ክዳን አነሣችና ቆማ ቀረች።

«ይሄ ድስት ከሥር ይፈልቃል እንዴ?»

ቀርበን አየነው። የተረፈው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ያመጣሽልኝ ሽሮ ስንት ኪሎ ነው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«እኔ ደግሞ ከቤት አንድ ኪሎ ጨምሬበታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለምራቂ ነዋ! ልክ ልኩን ሠርቶ ሰው ፊት የሚያቀርብ አለ?»

«እኔም እኮ አምስቱን ከመዘንኩ በኋላ ለምራቂ አንድ ጨምሬ ነው ስድስት ያደረግሁት፣ እትዬ።»

እትዬ አፏን ይዛ አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ወደ ልጄ ዞርን። ሳህን ደራርባ ይዛ ነበር። ዓይኗን ወደ ሳህኖቹ ጣለች።

«አንቺስ፣ የኔ እመቤት?» አለቻት እትዬ።

«ስልሳ ለአሥራ አምስት አራት ነበር የወጣው።»

«እና አምስቱ ከየት መጣ?»

«ያልተጠራም ይመጣል ብዬ ነው። ለምራቂ።»

እትዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ ሲጀምራት ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ነጠላዋ ወደቀ። እኔም ያዘኝ። ልጄ በመጀመሪያ ፈርታ አየችን፤ ከዚያ ሳህኖቹን አስቀምጣ እሷም ገባችበት።

«አራት ኪሎውን ሰባት አደረስነው!» አለች እትዬ ዓይኗን እየጠረገች። «እናንተ ሰዎች፣ ከእናንተ ጋር ነግዶ የሚያተርፍ ማነው?»

«አንቺም እኮ አለሽበት» አልኳት።

«አለሁበት እንጂ! እኔ ደግሞ አዲሱን ጆንያ ነው የከፈትኩት!»

የተረፈው አልተጣለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቅኔ ተማሪዎች አሉ። እትዬ ሰው ላከችባቸው፣ መጥተው በሉ፣ በዕቃቸውም ይዘው ሄዱ። ሲመርቁን ቆመን አሜን አልን። የእግዚአብሔር እንግዶች ስንት እንደሆኑ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ሽሮው ስንት እንደሚሆን የሳትነው እኛ ነን እንጂ፣ እሱ ለማን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እትዬ ልጄን አጠገቧ አስቀመጠቻት። መቆጣት አልሆነላትም፤ ገና ሳቋ አልለቀቃትም።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ምራቂ ጥሩ ነው። ምራቂ የማያውቅ እጅ አልወድም። ግን የሚጨምረው አንድ ሰው ነው፤ ድስቱን የሚያወጣው። አንቺ አምስት ስትዪ እናትሽ ልኩ መሰላት። እናትሽ ስድስት ስትል እኔ ልኩ መሰለኝ። ልኩን የሚያውቅ ሰው ከመሐላችን ጠፋ ማለት ነው። ልኩን ሳላውቅ ስንት እንደመረቅሁ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ስጠይቅሽ ልኩን ስጪኝ። አራት በይኝ። ምራቂው የኔ ነው።»

ልጄ ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔም ከጎኗ ቆሜ ማለቅለቅ ያዝኩ። ብዙ ሳህን ካለፈ በኋላ ነው የተናገረችው።

«እማ።»

«አቤት።»

«ፈተናውን የሚያወጣው ሰውም ልኩን ነው የሚፈልገው ማለት ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እኔ ምራቂውን ጨምሬ ከሰጠሁት እሱ ልኩ ይመስለዋል።»

«ይመስለዋል።»

«ከዚያ እሱም የራሱን ይጨምርበታል።»

«ሊጨምርበት ይችላል።»

ሳህኑን ወደ ላይ ይዛ ውሃው እስኪንጠባጠብ ጠበቀች። «ጾሙንም ራሱ ያወጣዋል በይኛ» አለች።

«ያወጣዋል» አልኳት።  በልቤም እመቤቴን አመሰገንኩ። ስንት ቀን ለፍቼ፣ መምህሩም ለፍቶ፣ አባም ነግረውኝ ያልገባት ነገር፣ አንድ ድስት ሽሮ ተርፎ ገባት።

ወደ ቢቸና ከመመለሳችን በፊት ለእትዬ ስለ ፈተናው ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ደብቄያት ነበር፤ ልጅቷ ብትወድቅ ወዳንቺ ትመጣለች ማለት ስለከበደኝ። ስትሰማ ጠየቀችኝ።

«ካለፈች እዚያው ትቀራለች?»

«ትቀራለች።»

«በገዛ አፌ አስመለጥኳታ!»

ቀልድ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።  ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጠይቃት አላወቅሁም። የወለድኳትን ልጅ እምቢ ማለቴ ጥፋት አይደለም። ግን ለእሷም አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በየቀኑ ምግብ ቤቷን ከፍታ ስትጨርስ መደወል ጀመረች። ሰላምታ እንኳ አታስቀድምም።

«ልጄን ስጪኝ! አንቺ፣ ሠላሳ ስድስት ሰው አለ። አንድ ኪሎ ምስር ለአሥራ ሁለት። ልኩን!»

«ሦስት!»

«በእውነት ሦስት? እሑድ የለበትም? ሚካኤል አልገባም?»

«ሦስት ነው፣ አክስቴ!»

«እሰይ! ምራቂው?»

«ያንቺ!»

አንዳንዴ ሰዎቹ እውነት ናቸው፣ አንዳንዴ እትዬ የፈጠረቻቸው ናቸው። አንድ ቀን ሁለት መቶ ሰው መጣብኝ ስትል ሰማኋት። በዚያች ምግብ ቤት ሁለት መቶ ሰው ከገባ ግድግዳው ይወጣል። ልጅቷን አጥብቃ የምትፈልጋት እሷ ናት። ወደ እሷ ሳትሄድ እንድትቀር ያስጠናቻትም እሷ ናት። በጸሎቴ ከልጄ ስም ቀጥሎ የማነሣው የእትዬን ስም የሆነው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

ሕማማት አለፈ። ፋሲካ መጣ፣ አባቷም መጥቶ ፈሰክን። ፈተናው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነበር። ጠዋት ስትወጣ ምንም አላልኳትም፤ ፊቷ ላይ ብቻ አማተብኩባት።

እስክትመለስ ሽምብራ ስለቅም ቆየሁ። ጠጠሩን ወደ ሽምብራው፣ ሽምብራውን ወደ ጠጠሩ ስጥል ራሴን ያዝኩት። በሩ ሲከፈት ቀና ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። እሷ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንቁላል መጣብኝ፣ እማ።»

«ምን ይላል?»

«አንድ ሆቴል በቀን ሠላሳ እንቁላል ይጠቀማል። በሦስት ሳምንት ስንት ይጠቀማል ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ስድስት መቶ ሠላሳ።»

አላስቻለኝም። «ረቡዕና ዓርብ?» አልኳት።

«ለሆቴሉ ተውኩለት» አለችኝ።

አቀፍኳት። አለፍሽ አላልኳትም፤ ገና አላወቅንማ። ግን የሚሆነው ሁሉ ይሁን፣ ልጄ ጥያቄውን መፍራት ትታለች። ሞጣ ብትሄድም ከፍርሃት ሸሽታ አይሆንም አልኩ።

ውጤቱን መምህሩ ራሱ ነገረኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደጃፉ ላይ አገኘኝ።

«ሰባተኛ ክፍል ትግባ» አለኝ። «በታሪክ መልክ ከመጡት ጥያቄዎች አንድም አልሳተችም። ምን ብለው ነው ያስጠኗት?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩት። «አክስቷ ናት።»

«መምህር ናቸው?»

«ምግብ ቤት አላት።»

መምህሩ ሳቀ። እኔ ተመልሼ ገባሁና ደጁን ሳምኩ። ተመስገን ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ለእትዬ የደወልኩት ቤት ሳልደርስ ነው። አለፈች አልኳት። 

«ተመስገን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቀጥሎም፣ «ታዲያ ልኩን ለእኔ ማን ሊነግረኝ ነው?»

«እንደ በፊቱ ደውዪላት።»

«ክፍል ውስጥ ተቀምጣ?»

«ከሰዓት በኋላ ቤት ናት። ክረምትም አለ። ክረምቱን አንቺ ጋ ትሁን።»

ክረምቱን የጨመርኩት እዚያው ነው፤ አስቀድሜ አላሰብኩትም። እትዬ ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው መልሳ ደወለችና «ክረምት ማለት ስንት ቀን ነው? ልኩን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እንደገና አዘዘችን። አርባ አምስት ሰው ነው። ልጄ ቁርሷን እየበላች አሰበችው።

«ልኩ ሦስት ኪሎ ነው፣ እማ» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ጓደኞቿ በር ላይ ይጠብቋት ነበር።

እኔ ሚዛኑን አወጣሁ። ሦስት ኪሎ መዘንኩ። መርፌው ሦስት ላይ ቆመ። እጄ ግን አልቆመም፤ ወደ ጆንያው ሄዶ እፍኝ ሙሉ ሽሮ ይዞ መጣ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የሰፈርኩት። እፍኙን ከፌስታሉ በላይ እንደያዝኩ ጥቂት ቆየሁ።

ወደ ጆንያው መለስኩት። ሦስቱን ኪሎ ጠቅልዬ አሰርኩት። ምራቂው የእትዬ ነው።